ከባሕሩ ቀድሞ የወጣው አስጎብኚ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቴ ምሳ ጋበዘኝ። መሥሪያ ቤት ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ያለች ባለ ሁለት ክፍል የጉዞ ቢሮ ናት። ሥራዋ የድሬን ሰው ጅቡቲ ወስዶ፣ ባሕር አሳይቶ መመለስ ነው። ድሬ የተወለደ ሰው ሙቀቱን ይችላል፣ አቧራውን ይችላል፣ ባሕር ግን ያምረዋል። እኔም ዕድሜዬን የጨረስኩት ይህን አምሮት ሳስተናግድ ነው፤ አስጎብኚ ነበርኩ።

ምሳው ላይ የቢሮው ባለቤት እትዬ አልማዝ ንግግር አደረገች። ታታሪ፣ ሰው አክባሪ፣ ምትክ የማይገኝለት አለችኝ። ከዚያ በመስታወት የተለበጠ ትልቅ የባሕር ፎቶግራፍ ተሰጠኝ። ተነስቼ ስቀበል አንዱ ሹፌራችን ከጠረጴዛው ጫፍ ሆኖ፣ «ግርማ ቀደም፣ ጡረታም ቀድመኸን ወጣህ» አለ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ያልሳቀችው ባለቤቴ ብቻ ናት፤ አንገቷን ደፍታ ሳህኗን ታያለች።

ግርማ ቀደም የሚለው ስም ከየት እንደመጣ የማያውቅ ሰው እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ አልነበረም። ድሬ ውስጥ የሰው ቅጽል ስም ከመታወቂያው ይበልጥ ይታወቃል። ልጆቼም በዚህ ስም እየተቀለደባቸው ነው ያደጉት። ስለዚህ ይህን የምጽፈው የተደበቀ ነገር ለማውጣት አይደለም። የምጽፈው ከዚያ ምሳ በኋላ አንዲት ሴት ስላስጠራችኝ ነው።

ወደ እሷ ከመድረሴ በፊት ግን ሥራውን ማን እንዳስተማረኝ ልናገር። ሙሴ ኢብሮ ይባላል። ሙሴ የፈረንሳዮቹ «አቶ» ነው፤ እንዲህ የምንለው በድሮው ባቡር ኮንትሮለር ስለነበረና ፈረንሳይኛ እንደ ውሃ ስለሚጠጣ ነው። አባቴ ባቡሩ ጋራዥ ውስጥ ብረት ቀጥቃጭ ስለነበር ይተዋወቃሉ፤ ሥራ ፈትቼ ከተማ ለከተማ ስዞር አባቴ ለእሱ አደራ ሰጠኝ። አንባቢዬ፣ ሽማግሌውን «አለ» እያልኩ ስጽፍ ንቀት እንዳይመስልህ። ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም፤ ትልቅ ሰው የምናከብረው ሙሴ ብለን፣ አዴ ብለን፣ ጋሼ ብለን በመጥራት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም አንተና አንቺ ነው።

ሙሴ ኢብሮ ረጅምና ቀጭን፣ ነጭ ሸሚዙን በዚያ ሁሉ ሙቀት እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነበር። ሲያስተምር አይናገርም። እሱ ሲያደርግ አይቶ ማድረግ ነው። ያኔ የምንሄደው በአሮጌው ባቡር ነበር፤ ኋላ አሮጌው ባቡር ሲቆም በአውቶቡስ፣ ከዚያ ደግሞ በአዲሱ ባቡር ሆነ። ይለፍ ወረቀቱ፣ ድንበሩ ደወሌ ላይ ፍተሻው፣ ጀርባችን ላይ የሚደርቀው ላብ በየዘመኑ ያው ነው። ደሞዙ ለቤት ኪራይና ለአስቤዛ ይበቃል፤ ስለሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ከሙሴ የተማርኩት የመጀመሪያው ነገር የቀኑ አደራደር ነው። የድሬ ሰው፣ በተለይ ነጋዴዎቻችን፣ ጅቡቲ እንደገባ ገበያ ካስገባኸው አለቀልህ፤ ባሕሩን ሳያይ ይመለሳል። አንዱ ሽቶ ያነሳል፣ አንዷ ሽቲ ቀሚስ ስትለካ ትቀራለች፣ ሁሉም ዕቃ ይሸከምና ከዚያ ወዲያ ማንም ከዕቃው አይለይም። ስለዚህ ሙሴ መጀመሪያ ባሕር፣ ቀጥሎ የዓሣ አጥማጆቹ ወደብ፣ ከዚያ ምሳ ይላል። ምሳው ሆዱ ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ፣ የምድጃው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚጠበስ የየመኖች ዓሣ ነው። ጋዜጣ ላይ ይቀርባል፤ አጠገቡ እንደ ጋቢ የሰፋ ቂጣና በማር የተለወሰ ሙዝ አለ። ከምሳ በኋላ ከተማው ይተኛል። ጫቱ ገብቷል፣ ሱቁ ተዘግቷል፣ ውሻ እንኳ ጥላ ይፈልጋል። ሰዉን ማረፊያ ቤት ማስተኛት ነው። አሥር ሰዓት ሲሆን ከተማው ነፍስ ይዘራል፤ ያኔ ገበያ። ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ የባሕሩ ዳር መንገድ ላይ ቤተሰብ በሙሉ ይወጣል፤ አይስክሬም የሚልስ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሻይ የሚጠጣ፣ የሚገቡትን ጀልባዎች የሚቆጥር። ሙሴ ይህን ሰዓት ለመጨረሻ የሚያስቀምጠው ሰው ይዞት የሚመለሰው የመጨረሻውን ነገር ነው ብሎ ነው።

ሁለተኛው ነገር ዝም ማለት ነው። ባሕር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ፊቱ የሆነ ነገር ይሆናል። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ያንን ፊት ሳይ አፌ ይከፈታል፤ ይህ ወደብ እንዲህ ነው፣ ያ ደሴት እንዲያ ነው እላለሁ። አንድ ቀን ሙሴ ክርኔን ያዘና፣ «ዝም በል፤ አንተን ለማየት አልመጡም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ዝም አልኩ። ሰዉ ሄዶ ውሃውን በጣቱ ነክቶ ይቀምሳል፤ ጨው መሆኑን እያወቀ ይቀምሳል፤ ከዚያ እርስ በርሱ ይተያይና ይስቃል። ይህን ያላደረገ ሰው በሥራ ዘመኔ አላየሁም።

ሦስተኛው በትሩ ነው። ሙሴ አንድ ቀጭን የሽመል በትር ነበረው፤ ጉዞ ሲሆን ከእጁ አይለይም። ባሕሩ በቀን ውስጥ ይሄዳል፣ ይመጣል። ሲሄድ ርቆ ይሄድና አሸዋና ጭቃ የተቀላቀለ ሰፊ ሜዳ ይተዋል፤ ሰው እዚያ ላይ ዛጎል ይለቅማል፣ ሸርጣን ያባርራል። ሲመጣ ደግሞ አይጮህም፤ ሜዳው ላይ ባሉት ቦዮች በኩል ከጀርባህ ይገባል። ሙሴ እንደደረስን በትሩን ውሃው ጫፍ ላይ ይተክልና ከፔርሙዙ ሻይ ቀድቶ ይቀመጣል። ሻዩን እስኪጨርስ ማንም አይወርድም። ጨርሶ ሲያይ ውሃው ከበትሩ ከራቀ፣ ሂዱ ይላል። በትሩን ካለፈ እጁን ያወዛውዛል፤ ያ ቀን ከዳር ሆኖ ማየት ብቻ ነው። ለሚያጉረመርም መልስ አይሰጥም።

አራተኛው ነገር ግን ትምህርት መሆኑ አልገባኝም ነበር፤ ኋላ ሌሎች ነገሩኝ። ሙሴ ኢብሮ ሁልጊዜ ከኋላ ነው የሚሄደው። ገበያ ሲገባ ከኋላ፣ ምሳ ሲቀርብ መጨረሻ፣ ከውሃ ሲወጣ መጨረሻ። እኔ ወጣት ሆኜ መሪ ማለት ከፊት የሚሄድ ይመስለኝ ስለነበር፣ ሽማግሌው እግሩ ደክሞ ነው እያልኩ በልቤ አዝንለት ነበር። አሁን ይህን ስጽፍ ጆሮዬ ይግላል።

ሙሴ ሥራ ሲያቆም በትሩን ሰጠኝ። ቢሮው በር ላይ ቆሞ አቀበለኝና ሄደ። እኔ ግን ያን ቀን ከተማውን በትሩን ይዤ ዞርኩበት።

አሁን ወደ ቀኑ እገባለሁ። ቀፊራ ገበያ ያሉ ነጋዴዎች ተሰባስበው ባሕር ማየት ፈለጉ፤ አውቶቡስ ሞላልን፤ ከዋዜማው ተነስተን ደወሌ አደርን። ከመካከላቸው አዴ ሞሚና የምትባል ቴምርና ቅመም የምትሸጥ ሴት ነበረች። ያኔ ገና ጠንካራ ናት፤ ጉልበቷ ግን ያማታል፣ በከዘራ ነው የምትሄደው። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ከወደቡ ጭኖ ሲመላለስ ኖረ፤ ማታ እቤት ሲገባ ስለዚያ ዓሣና ስለዚያ የምሽት መንገድ ያወራላታል። «አንድ ቀን እወስድሻለሁ» ይላታል። ሳይወስዳት ሞተ። ይህን ሁሉ የነገረችኝ አውቶቡሱ ውስጥ፣ ከሹፌሩ ጀርባ ካለው ወንበር ላይ ሆና ነው። የመጣሁት እሱ ያየውን ለማየት ነው አለችኝ። ሁሉንም አሳይሻለሁ አልኳት።

ባሕሩ ዳር ስንደርስ ውሃው ርቆ ሄዷል፤ ሜዳው ተከፍቷል። ገና ከአውቶቡስ ሳልወርድ ወጣቶቹ ጫማቸውን አውልቀው ሮጡ። ሌሎቹ ተከተሉ። በትሩ ከሻንጣዎቹ ሥር ገብቶ ነበር። ተመልሼ፣ ዕቃ አስነስቼ፣ በትር አውጥቼ፣ ሰዉን ጠርቼ መልሼ ሻይ እየጠጣሁ ላስቀምጠው? እንደ ሽማግሌ ልታይ? ተውኩት።

አዴ ሞሚና ግን ዳር ላይ ቆማ ጠየቀችኝ፤ «ውሃው አይመጣም?» አለች።

እዚህ ላይ ደቻቱን ለማያውቅ ሰው ልንገረው። ደቻቱ ከተማችንን ለሁለት የሚከፍል የአሸዋ ወንዝ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ኳስ ይጫወትበታል፣ ይነግድበታል። ውሃ የሚመጣበት ላይ፣ ከተማው በላይ ካለው ተራራ ሲዘንብ ነው፤ ሲመጣም ምን እንደሚያደርግ የከተማው ሰው በደንብ ያውቃል። ስለዚህ የድሬ ሰው ደቻቱ ውስጥ እግሩን ሲያስገባ መጀመሪያ ቀና ብሎ ወደ ተራራው ያያል። ደመና ካለ ይቀራል፣ ከሌለ ይገባል። ማንም አላስተማረንም፤ አንገታችን በራሱ ይዞራል።

እኔም አንገቴ ዞረ። ጀርባዬን ለባሕሩ ሰጥቼ፣ ሙሴ ኢብሮ ያን ሁሉ ዓመት ያሳየኝን ረስቼ፣ ወደ አርታ ተራሮች አየሁ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። «ደመና የለም፣ አይመጣም» አልኳት። አዴ ሞሚናም ቀና ብላ አየች። አጠገቧ የነበሩትም አዩ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ ለድሬ ሰው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። ሽቲዋን ሰብስባ ወረደች።

ርቀን ሄድን። ዛጎል ተለቀመ፣ ፎቶ ተነሳ። አንዱ ውሃ ቀምሶ ፊቱን ሲያጨማድድ ተሳቀ። መጀመሪያ ያየሁት ጫማዬን ነው፤ ረጥቧል። ዞር ስል ከኛና ከመንገዱ መካከል ስንመጣ ደረቅ የነበረው ቦይ ሞልቶ ይሄዳል። ጩኸት የለው፣ ማዕበል የለው፤ ዝም ብሎ ይሞላል።

ዋና አልችልም። ድሬ ውስጥ ዋና የት ይማሩታል? ያን ሁሉ ዓመት ሰው ባሕር ሳወርድ ጉልበቴን ያለፈ ውሃ ገብቼ አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ያሰብኩት ነገር ቢኖር ደስ ባለኝ፤ ምንም አላሰብኩም። እግሬ ተነሳ። ሰዉን ጥዬ፣ ማንንም ሳልጠራ፣ ቦዩን ወገቤ ድረስ እየገባሁ ተሻገርኩና ደረቅ አሸዋ ላይ ወጣሁ። ከሁሉም ቀድሜ ነው የወጣሁት። ወጣቶቹ ከኋላዬ መጡ፤ አንዳንዶቹ ትልልቆቹን እየጎተቱ ነበር። አንድ ሰው ብቻ አልመጣም።

አዴ ሞሚና ቦዩ ማዶ ቆማለች። ከዘራዋ ጭቃ ውስጥ ተሰክቶ ቀርቷል። ውሃው ጉልበቷ ላይ፣ ከዚያ ጭኗ ላይ ደረሰ። አልጮኸችም። እኔም አሸዋው ላይ እንደቆምኩ አልተንቀሳቀስኩም፤ ይህ ነው ከሩጫው የሚብሰው። መሮጡን ድንጋጤ ነው ልል እችል ይሆናል። መቆሙን ግን ምን እለዋለሁ? ጀልባውን ሲጠግን የነበረ አንድ ዓሣ አጥማጅ አይቷት ኖሮ ሽርጡን ከፍ አድርጎ ገባ፤ አዝሏት ወጣ። አሸዋው ላይ በቀስታ አስቀመጣትና ቀና ብሎ በሶማልኛ፣ «የእነዚህ ሰዎች መሪ ማነው?» ሲል ጠየቀ።

ሁላችንም ሶማልኛ እንሰማለን። አንዱ ጫማውን ያራግፋል፣ አንዷ ሻሿን ትጨምቃለች። እኔን ላለማጋለጥ ነበር። ሰዉ ሲያዝንልኝ አየሁ። እጄን አንስቼ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ዓሣ አጥማጁ ትንሽ ጠብቆ ወደ ጀልባው ተመለሰ። አዴ ሞሚና ብቻ ነበረች ቀጥ ብላ ስታየኝ የቆየችው።

ሰው አልሞተም፣ አልተጎዳም። ፀሐዩ ልብሱን ወዲያው አደረቀው። ገና ጠዋት ነበር፤ ዓሣው ነበር፣ ገበያው ነበር፣ የምሽቱ መንገድ ነበር። እኔ ግን ያን ሁሉ ዓይን ይዤ ምሳ መቀመጥ አቃተኝ። ዛሬ ድንበሩ ቀድሞ ይዘጋል ብለውኛል፣ እንመለስ አልኩ። ሹፌሩ ውሸት መሆኑን እያወቀ ሞተሩን አስነሳ። ሰዉም እያጉረመረመ ተሳፈረ። አዴ ሞሚና አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ቆማ፣ «ዓሣውስ?» አለችኝ።

«ሌላ ጊዜ» አልኳት።

ወሬው ከኛ ቀድሞ ድሬ ገብቶ ነበር። ስሙ በሳምንቱ ወጣልኝ። ያኔ የነበረው አለቃችን ቁጡ ሰው ነበር፤ ደቂቃ ያሳለፈ ሠራተኛ ላይ የሚጮኸውን ያህል እኔ ላይ አልጮኸም፤ «ሰው ካልሞተ ሥራ ነው» ብሎ አለፈው። ኋላ ቢሮውን የገዛችው እትዬ አልማዝም ስሙን እንደ ቀልድ ተቀበለችው። ሙሴ ኢብሮ ግን ቤቴ መጣ። ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። ግባ ብለው አልገባም፣ ሻይ አልፈልግም አለ። «በትሬን» አለኝ። አምጥቼ ሰጠሁት። አመሰግናለሁ ብሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ስንገናኝ ስለ ቤተሰቤ ይጠይቀኛል፤ ስለ ሥራ አንድም ቀን አልጠየቀኝም። ሲሞት ቀብሩ ላይ ከሰዉ ሁሉ ኋላ ቆምኩ። ከኋላ መሆን ዘግይቶ የገባኝ ትምህርት ነው፤ ቀብር ላይ ግን ምንም አይጠቅምም ነበር።

ሥራውን አልተውኩም፤ ሌላ ሥራ አላውቅም። ሥራው ግን እኔን ተወኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው ውሃ ዳር አላወርድም፤ ከሲሚንቶው አጥር ወዲህ አቁሜ፣ ያ ባሕር ነው፣ ፎቶ ተነሱ፣ እንሂድ እላለሁ። ዝም ማለቱንም ተውኩ፤ ሰው ዝም ካለ ስለኔ የሚያስብ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ሳላቋርጥ አወራለሁ። ስንት የድሬ ሰው ጅቡቲ ደርሶ ውሃውን በጣቱ ሳይነካ በእኔ ምክንያት ተመለሰ። አስተያየት ሲጠየቁ ጥሩ ነበር ይላሉ። የተነፈጉትን አያውቁትማ።

ቀፊራ መሄድም ተውኩ። ለባለቤቴ የቀፊራ ሽንኩርት ቶሎ ይበሰብሳል አልኳት። አመነችኝ አላልኩም፤ ዘንቢሏን ይዛ ብቻዋን ትሄዳለች። ስትመለስ «አዴ ሞሚና ሰላም ብላሃለች» ትለኛለች። በየጊዜው ትለኛለች። ሰላምታው እንደ ስድብ ይቀፈኝ ነበር። ይቅር ብያለሁ ለማለት ነው፣ ወይ ደግሞ አልረሳሁም ለማለት ነው እያልኩ ስተረጉም ዓመታት አለፉ።

ከጡረታው ምሳ በኋላ በማግስቱ በሬ ተንኳኳ። የአዴ ሞሚና ልጅ ሀናን ናት። እናቴ ትፈልግሃለች አለችኝ። ታመመች ወይ ብላት አልታመመችም አለች። ለምን እንደፈለገችኝ ግን አልነገረችኝም። እንዲህ ያለ ጥሪ እምቢ አይባልም። ደቻቱን ተሻግሬ መጋላ ገባሁ፤ ያንን ሰፈር ከረገጥኩ ስንት ጊዜዬ ነው። ለይቅርታ የሚሆን ንግግር መንገዱን ሙሉ ሳሰናዳ ነበር።

አዴ ሞሚና በረንዳዋ ላይ፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ከዘራዋ ጭኗ ላይ ነው። ስገባ ፊቷን አዞረች፤ ዓይኗ ግን እኔ ጋ አልደረሰም፤ በትከሻዬ በኩል አልፎ ግድግዳ ላይ ቀረ። ሀናን ቀስ ብላ፣ የእናቴ ዓይን ከጠፋ ቆይቷል፣ መጀመሪያ አንደኛው ከዚያ ሌላው አለችኝ። ባለቤቴ ይህን የማውቅ መስሏት አልነገረችኝም፤ ወይም ነግራኝ ይሆናል፣ የአዴ ሞሚና ስም ሲነሳ ጆሮዬን እዘጋ ነበርና።

ንግግሬን ጀመርኩ። ያን ቀን ስላደረግኩት ነገር ስል እጇን አነሳች።

«ተው አቦ። ያንን እዚያው ነበርኩ፣ አይቼዋለሁ። እሱን ልትነግረኝ ነው እስከዛሬ የጠፋኸው?»

አፍሬ ነው አልኳት።

«አፈርክ። እሺ፣ እፈር። እኔ ምን አደረግኩህ? ሌላ ጊዜ ብለኸኝ ሄድክ። ሰላምታ ላክሁ፣ ትመጣለህ ብዬ። ዓይኔ አንዱ ሲጠፋ፣ ግርማ አንድ ዓይን እያለኝ ይምጣ ብዬ ላክሁ። ወላሂ ሌላ ሰው ይውሰደኝ አላልኩም፤ ቃሉ ያንተ ነው። ዛሬ ሥራ ጨረሰ አሉኝ። እኔ መች ጨረስኩ?»

ያ ሁሉ ሰላምታ ጥሪ ነበር። እኔ ማፈሬን እንደ ቅጣት ስከፍል፣ ቅጣቱን የምትከፍለው እሷ ነበረች። ባሏ ያየውን እንድታይ አሳይሻለሁ ብዬ፣ ማየት እስከማትችል ድረስ ከእሷ ተደብቄያለሁ። መሮጥን በአንድ ጠዋት የጨረስኩት ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ ስሮጥ ነው የኖርኩት። ይህን አልኳት ወይስ አላልኳትም አላስታውስም። ማልቀሴን ግን አስታውሳለሁ፤ ሀናን ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች።

«መቼ ነው?» አለች አዴ ሞሚና።

በአዲሱ ባቡር ሄድን፤ እሷ፣ ሀናንና እኔ። ጣቢያው ከከተማ ወጣ ብሎ መልካ ጀብዱ በኩል ስለሆነ ገና ሳይነጋ ነው የወጣነው። እኩለ ቀን ላይ ጅቡቲ ስንወርድ ሙቀቱ ፊታችንን በጥፊ መታው። እንደ ሙሴ ሥርዓት መጀመሪያ ባሕር አልኩ። አዴ ሞሚና መጀመሪያ ዓሣዬን አለች።

ዓሣዋን በላች። ቂጣውን በእጇ ዳሰሰችና፣ «ልክ እንዳለው ትልቅ ነው» አለች፤ ስለ ባሏ ነው። አጥንቱን ልለይልሽ ብላት እጄን መለሰችው። ምድጃው የት እንዳለ፣ ዓሣው እንዴት እንደሚለጠፍ ልነግራት ስጀምር፣ ይሸተኛል አለችኝ። ዝም አልኩ። ስንት ዘመን ረስቼው የነበረ ዝምታ ነው። ከተማው ሲተኛ ተኛን፤ ሲነሳ ተነሳን። ጀልባዎቹ ይገቡ ስለነበር የሞተራቸውን ድምፅ እያዳመጠች ባሕሩ ዳር መንገድ ላይ ቆየች፤ ልጆች ሲሯሯጡ፣ አንዱ ከአንዱ በአፋርኛና በአረብኛ ሲቀላለድ ትሰማለች። ፀሐይዋ ዝቅ ስትል፣ አሁን አውርደኝ አለች።

ውሃው ጫፍ ላይ ደረስን። በትር የለኝም፤ በትሩ ከሙሴ ቤት የት እንደገባ አላውቅም። ከዘራሽን ልውሰድ አልኳት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም፣ ሰጠችኝ። ውሃው ጫፍ ላይ ተከልኩት። ሀናን ከፔርሙዝ ሻይ ቀዳችልን። አሸዋው ላይ ተቀምጠን እስኪያልቅ ጠጣን። ሳይ ከዘራው ሥሩ ረጥቧል። ውሃው እየመጣ ነው። ሙሴ ቢሆን እጁን ያወዛውዝ ነበር። ነገርኳት፤ ውሃው እየመጣ ነው፣ ሩቅ አንሄድም፣ ከከዘራው አናልፍም አልኳት።

«ይምጣ» አለች።

ጫማዋን አወለቅኩላት። ሽቲዋን በአንድ እጇ ሰበሰበች፤ በሌላው የእጄን አንጓ ያዘች። ገባን። ጎንበስ ብላ ጣቷን ነክራ ቀመሰች፣ ፊቷን አጨማደደች፣ ሳቀች። ውሃው ቁርጭምጭሚታችንን አለፈ። ከዘራው አጠገባችን ግማሹ ድረስ ሰጠመ። እግሬ ከሥሬ መነሳት ፈለገ፤ እንደዚያን ቀን ሊነሳ ፈለገ፣ ይህን አልዋሽም። እሷ እጄን አጥብቃ ይዛለች። ጣቶቿ የነጋዴ ጣቶች ናቸው፣ አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ። ከዘራዋን ስለወሰድኩባት ፈርታ መሰለኝ።

«አይዞሽ አዴ፣ አትፍሪ፤ ይዤሻለሁ» አልኳት።

«እኔ መች ፈራሁ» አለች፣ ፊቷን ወደ ባሕሩ እንዳደረገች። «የያዝኩህ እንዳትሮጥ ነው።»

ሀናን ከዳር ሆና ሰምታ በሳቅ ወደቀች። እኔ ግን ፊቴ እንደ እሳት ነደደ፤ እሷ አለማየቷን ረስቼ ፊቴን አዞርኩ። ውሃው ጉልበታችን እስኪደርስ ቆምን። ሀናን መጥታ ከዘራውን ነቀለችው። ከዚያ ቀስ እያልን ወጣን፤ አዴ ሞሚና ከሽቲዋ ውሃ እያንጠባጠበች ከፊት፣ እኔ እየተጎተትኩ ከኋላ። ደረቅ አሸዋ ረግጠን እንኳ እጄን አልለቀቀችውም።